ነጥብ የማያሰጠው እንሰት

ሆሳዕና ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ስለ ቤት ሥራ የማውቀውም ገዢ ሲያወራ ከሰማሁት ብቻ ነው። ከዱራሜም ይምጣ ከጊምቢቹ፣ የደንበኛዬ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ "የሚያብለጨልጨው መስታወት አለ ወይ?" ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ የከፈተ አባት ሁሉ፣ ሰማያዊ መስታወት ያልገባለት ቤት ቤት አይመስለውም። እኔም እሸጥለታለሁ። ቀን የሚያፍን፣ ሌሊት የሚያንዘፈዝፍ ቤት ሠርቶ ያስመርቃል፤ ለምርቃቱም ይጠራኛል፤ "እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ" ብዬ በልቼ እመለሳለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። መሐንዲስ ነው፤ አዲስ አበባ ለዓመታት ሠርቶ ነው የተመለሰው። ስለ አረንጓዴ ሕንፃ መስፈርት መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። መደብሬ ውስጥ የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀምጦ ያስረዳኛል። ሲሚንቶ ሲመረት ምን ያህል ጭስ እንደሚወጣ፣ አሸዋ ስንዝቅ ወንዞቻችን ምን እንደሚሆኑ፣ ከራሳችን አፈር ተጨምቆ የሚሠራ ብሎክ ቤትን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ተጠራቅሞ ለበጋ እንዴት እንደሚያደርስ ይነግረኛል። "ታዲያ የተቀመጥክበትን ማን ይግዛኝ?" እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ አባቴን ይመስላል፤ ለዚህ ነው መሰለኝ በእሱ ላይ ቁጣዬ የማይበረክተው።

ወንድሜ ልክ እንደነበረ አሁኑኑ ልናገር፤ በኋላ ስቆጣ ነገሩን ከመጀመሪያው የጠላሁት እንዳይመስል። የዚህን ከተማ ኮረብታ ለድንጋይ ሲፈነቅሉት በዓይኔ አይቻለሁ። ብሎኬት ቤት ውስጥ ክረምቱን በሳል የሚገፉ ሕፃናት አውቃለሁ። ወንድሜ ሲያወራ "ይኼ ልጅ እግዜር የላከው ነው" ያልኩበት ቀን አለ።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድማችን ከደቡብ አፍሪካ የሚልከው ገንዘብ ለቤት እንዲሆን ተስማማን። በቤተሰባችን ግቢ፣ አባታችን የሠራው የጭቃ ቤት ባለበት ቦታ፣ ፎቅ ሊወጣ ነው። ከታች ሱቆች፣ ከላይ መኖሪያ። ታናሽየው "በአካባቢያችን የመጀመሪያው አረንጓዴ ሕንፃ ይሁን፤ ሌላው አይቶ ይማራል" አለ። ታላቁ በስልክ ጮኸ። "ስንት ዓመት ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ያገኘሁትን ጭቃ ልታደርጉብኝ ነው?" አለ። ያሳመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕንፃው ተገምግሞ ነጥብ ከሞላ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃውም ተጽፎ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ታላቁ "እሱን ካመጣችሁ ይሁን፤ ያለዚያ ግን በሰው ፊት አታዋርዱኝ" ብሎ ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጥቡ የግድ ሆነ።

ከጭቃው ቤት ጀርባ የእናቴ እንሰት፣ ጥጉ ላይም ላሟ ነበሩ። እንሰት ያልተከለ ሰው እኛ ጋ ሰው አይባልም፤ ያን አላነሳም። የእናቴ ግን ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የሚበላው ነው፤ በየጊዜው የሚቆረጥ፣ የሚፋቅ፣ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ የሚሆን። ሁለተኛው አባቴ በሞተ ማግስት ከጓሮው ጫፍ በረድፍ የተከለችው ነው። እሱን አትነካውም። ግንዱ ሁለት ሰው የሚያቅፈው ሆኖ እንኳ አትነካውም። በችግሩ ዓመት፣ የሚበላው ሲያልቅብን፣ ከጎረቤት ተበደረች እንጂ ወደዚያ ረድፍ ቢላዋ ይዛ አልሄደችም።

ያገራችን ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። አንዲት አሮጊት ለራሷ ለቅሶ የምትተክለው ነው። እሷ ያረፈች ዕለት፣ ከየመንደሩ የሚመጣው ለቀስተኛ ከእጇ በበቀለው ይበላል፤ "ቤቷ ሙሉ ነበር" ተብሎ ትሸኛለች። የተገዛ እንጀራና ዳቦ የቀረበበት ለቅሶም ለቅሶ ነው፤ ሰው ግን እየበላ አንገቱን ይሰብራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አይናገረውም። በሕይወት ባለች እናት ፊት ስለ ለቅሶዋ ማንሳት ሟርት ነው። እሷም ራሷ "ያኛው ረድፍ" ትላለች እንጂ ስም ሰጥታው አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በእኛ ቤት ግን ነቀዘ።

ወንድሜ የመጀመሪያውን ፕላን ሲሠራ እንሰቱን አልነካውም። "አረንጓዴ ቦታችን ይኸው፤ ተዘጋጅቶ የጠበቀን" ብሎ በአረንጓዴ እርሳስ አቀለመው። ሕንፃው ተጀመረ። የአፈር ብሎኩ እዚያው ግቢ ውስጥ እየተጨመቀ ወጣ፤ ሰው ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ያሾፋል፤ "አያቶቻችን የሸሹትን ጭቃ በዲግሪ መለሱልን" ይላል። እናቴ አፈሩን በእጇ ዳሰስ አድርጋ "ጥሩ ነው፤ ጭድ ግን ረስታችኋል" አለች። ወንድሜ አቀፋት። ያ ወቅት ደስ የሚል ነበር። ስለ ደስታችን የማስታውሰው የመጨረሻው ነገርም እሱ ነው።

ገምጋሚዋ የመጣችው ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው። ወጣት ሴት ናት፤ ከአንድ አማካሪ ድርጅት። የአንጋጫ ልጅ መሆኗን ስትነግረን እናቴ ደስ ብሏት "የእኛው ናት" አለች። ልጅቷ ብርሃኑን አየች፣ የነፋስ መግቢያውን አየች፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያውን አየች፤ ሁሉንም አደነቀች። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረች።

"ይኼ በመስፈርቱ የእርሻ ሰብል ነው የሚባለው" አለች። "አፈሩ ይገለበጣል፣ ፍግ ይበዛዋል። ላሚቱም እዚሁ ናት፤ ከማጠራቀሚያው ጋር አይስማማም። ነጥብ አያሰጥም።"

"አረንጓዴ አይደለም እንዴ?" አልኳት። ነገር ፍለጋ እንደነበረ አልክድም።

"አረንጓዴማ ነው፣ እህቴ። ግን ይቆረጣል፣ ይበላል። ቋሚ ሣርና የአገር በቀል ዛፍ ነው የሚፈለገው።"

ወንድሜ ተከራከረ። ድርቅ ሲመጣ ይህን አገር ያተረፈው እንሰት መሆኑን፣ ሥሩ አፈር እንደሚይዝ፣ ቅጠሉ ነፋስ እንደሚመልስ፣ እያላበው አስረዳ። ልጅቷም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። "እናቴም ትተክላለች" አለች። "ግን መስፈርቱን የማወጣው እኔ አይደለሁም።" ያለ ጓሮው ነጥቡ አይሞላም፤ ነጥቡ ካልሞላ ደግሞ ደረጃ የለም።

ከዚያ አንድ በር ከፈተችልን። ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ "እማማ፣ ይኼኛው ረድፍ የተለየ ነገር አለው? የቤተሰብ ወይም የባህል ነገር ከሆነ ይንገሩኝ፤ ለብቻው ተጽፎ እንዲታለፍ መጠየቅ ይቻላል" አለቻት።

አራታችንም ቆመን ነበር። አራታችንም እናውቃለን። የአንጋጫዋ ልጅም ጣቷን ወደ ረድፉ ስትቀስር ታውቅ እንደነበር ዛሬም እምላለሁ፤ ጥያቄዋ እኮ "በሉ ተናገሩትና ልርዳችሁ" ማለት ነው። ግን እንዴት ብሎ? ወንድሜ "እናቴ ስትሞት የምናበላው ነው" ይበል? እኔ ልበል? ወንድሜ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ጫማዬ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

"ምን የተለየ አለው፣ ልጄ" አለች። "እንሰት ነው።"

"እንዲነቀል ይስማማሉ?"

"እነሱ ካሉ ይሁን።"

"እነሱ ካሉ ይሁን" እኛ ቤት እንቢታ ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው እንቢታ። ልጅቷ ግን ይሁንታ ብላ ያዘችው፤ ወንድሜም ይሁንታ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

እንሰቱ የተነቀለበትን ሳምንት ማስታወስ አልወድም። ወንዶቹ ከሥሩ ገነደሱት፤ የሠፈሩ ሴቶች ለመፋቅ መጡ። የእናቴ የጸሎት ቤት ጓደኞች መጡ፤ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ሙስሊሟ ጎረቤታችንም፣ ከእናቴ ጋር አብረው ያረጁት፣ የራሳቸውን መፋቂያ ይዘው መጡ። ለወትሮው እንሰት ሲፋቅ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ባል ማማት አለ። በዚያ ሳምንት ግን እንጨት ላይ የሚሄደው የመፋቂያ ድምፅ ብቻ ነበር። ያልደረሰውም ለጋው ሳይቀር ተፋቀ። ጎረቤታችን እንባቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ አይቼ፣ የእንሰቱ ጭማቂ ተረጭቶባቸው ነው ብዬ ማለፍ ፈለግሁ።

አንድ ቀን ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ያን ሁሉ ክምር በበሩ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ማን አረፈባችሁ?" አለ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የሚፋቀው በሌላ ምክንያት አይደለማ። እናቴ እጇን ከቆጮው ሳታወጣ "ማንም፤ ደህና ነን። ግቢ ልናሳምር ነው" አለችው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

ቆጮው ለጎረቤት ተከፋፈለ፣ የቀረው ተሸጠ። ላሚቱ ጃጁራ ላለው ለአጎታችን፣ ለእናቴ ወንድም ተሰጠች። የጓሮው አፈር ተደለደለ፤ ሣር ተነጠፈ፤ ጽድና ወይራ ተተከለ። ሣሩ ቆንጆ ነው። ሰው ዙሪያው ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔም አንድ ፎቶ አለኝ።

እናቴ ላይ ወዳለው ክፍሏ ገባች። ወንድሜ ከሁሉ አብልጦ የተጨነቀበት ክፍል ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ አየሩ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ችግሩ የሆሳዕና አየር መሆኑ ነው። ጉም የሚያድርበት ከተማ፤ ነፋሱንም ድሮ ከጓሮ በኩል የሚመልሰው ያ እንሰት ነበር። እናቴ የነፋሱን ቀዳዳ በአሮጌ ጋቢ ጎሰጎሰችው። ወንድሜ መጥቶ ያወጣዋል፤ ስለ ንጹሕ አየር ያስረዳታል፤ እሺ ትለዋለች፤ ሲወጣ መልሳ ትጎሰጉሰዋለች። በዚህ ሁለታችንም ስቀን ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

የሰበራት ብርዱ አይደለም። ሙስሊሟ ጎረቤታችን አረፉ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለቅሶ ስትሄድ ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም፤ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ነው። ጓሯችንን እያለቀሱ የፋቁላት ሴት ሲሞቱ ግን ጓሯችን ሣር ነው። እኔ ከዳቦ ቤት ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋት። ይዛ ሄደች። ስትመለስ ደረጃውን እየቆመች ወጣች፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "ዳቦ ይዤ ገባሁ" አለች። "እሷ ቤት፣ ዳቦ።" በዳቦው ያፈረችብኝ መስሎኝ "የኔ እናት፣ ሁሉም ሰው እኮ አሁን የሚይዘው ዳቦ ነው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አንድም ነገር እንዳልገባኝ በዚያ አስተያየቷ አወቅሁ፤ በራሴ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

ብዙም ሳትቆይ "ጃጁራ ሄጄ ወንድሜን ልየው፤ ላሚቱም ወልዳለች አሉ" አለች። ጥቂት ልብስ ይዛ ሄደች። ጥሩ ነው፣ ትናፈስ አልን። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩ አለፈ። ስንደውል "ዝናቡ ያቁም"፣ "በዓሉ ይለፍ" ትላለች። አንድ ቅዳሜ መደብሩን ዘግቼ በሚኒባስ ሄድኩ።

ጃጁራ የአጎቴ ግቢ ስደርስ ከጓሮ በኩል አገኘኋት። ተንበርክካ የእንሰት ችግኝ ትተክላለች። በረድፍ ነው፤ ከግቢው ጫፍ። አጎቴ ቦታውን ለይቶ ሰጥቷታል፤ ዙሪያውን በቀርከሃ አጥሮላታል። እጇ እስከ ክንዷ አፈር ነው፤ ፊቷ ላይ ለብዙ ወራት ያላየሁት ቀለም አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

ላሚቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "ይኼ እኮ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፣ እማዬ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ካልደረሰልኝ የወንድሜ የደረሰ አለ። ከእሱ ይቆረጥና የኔ ለእሱ ይተካል። ተነጋግረናል።"

"ለምኑ ነው የሚቆረጠው?"

በሀዲይኛ ነበር የምናወራው። እናቴ ቀና ብላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በቤታችን ማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር የገበያ ወሬ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ ተናገረች። "ለለቅሶዬ ነዋ" አለች። "ስሞት ከዚህ አታንሱኝ። እዚሁ ቅበሩኝ፤ ሰውም እዚሁ ይቀመጥ፣ እዚሁ ይብላ። እዚያ የማበላው የለኝም።"

ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገረው። እኛ ዘንድ ያገባች ሴት የምትቀበረው በባሏ ደጅ ነው። አባቴ ሆሳዕና ሲቀበር ከጎኑ ቦታ ተትቶላታል። ወንዶች ልጆቿ በሕይወት እያሉ እናት ተመልሳ በወንድሟ መሬት ከተቀበረች፣ ልጆቿ አልያዟትም፣ ቤት አልነበራትም ማለት ነው። ያውም ሰው እየቆመ ፎቶ የሚነሳበት ቤት ሠርተንላት።

"ልጆችሽን ሰው ምን ይላቸዋል?" አልኳት። ድምፄ ቁጣም ልቅሶም የተቀላቀለበት ነበር። "እሱስ? ለአንቺ ብሎ እኮ ነው የሠራው!"

"አውቃለሁ። ጥሩ ልጅ ነው" አለች። "ቤቱም ጥሩ ነው። አልተቆጣሁም፣ ልጄ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት።" እና ተመልሳ ተንበረከከች።

እንዲህ ከምትል ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ብትራገም፣ ብታለቅስ፣ አባብያት ይዣት እመለስ ነበር። ያልተቆጣን ሰው በምን ያባብሉታል? የአጎቴ ሚስት ምሳ አቀረበች፤ ቆጮና ጎመን ነበር፤ በላሁ። የበላሁት የማን እንደሆነ መጠየቅ አልቻልኩም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬ ጠራ። ታናሽ ወንድሜ ነው። ከደስታው ብዛት ቃላቱ ይደራረባሉ። ደረጃው መጣ፤ ነጥቡ ሞልቷል፤ ገምጋሚዋ ራሷ ደውላ ነገረችው። ታላቃችን ለምርቃቱ ትኬት ሊቆርጥ ነው፤ በስልክ አልቅሷል። "ሪባኑን እማዬ ናት የምትቆርጠው" አለ። "መቼ ትመጣለች?"

"አትመጣም" አልኩት።

"ታማለች እንዴ?"

"ደህና ናት። እንሰት እየተከለች ነው።"

"እሺ፣ ቀኑን እንገፋዋለን። ለምርቃቱ ካልመጣች መቼ ልትመጣ ነው?"

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ይሰሙኛል፤ ሹፌሩም ይሰማል። ግድ አልሰጠኝም።

"ለቀብሯም አትመጣም" አልኩት።

"አታሟርቺ" ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ወዲያው ነው የገባው፤ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበርና። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ የከተማው ጣሪያዎች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ፣ እንደ ልጅነቱ በቀጠነ ድምፅ "አባዬስ?" አለኝ።

"እኔንጃ" አልኩት፤ ስልኩን ሁለታችንም ሳንዘጋ ሆሳዕና ገባሁ።